የሚያዳምጥ ሰዓት፦ በሬዲዮ ሞገድ የሚታረመውን የደወል ሰዓት ማዘጋጀትና በጥንቃቄ መጠቀም

በጀርመን አገር የሚኖር ዘመድ ለዕረፍት ሲመጣ ከሻንጣው ከሚያወጣቸው ስጦታዎች መካከል አንዳንድ ጊዜ አነስተኛ የጠረጴዛ ሰዓት ይገኛል። በማሸጊያው ላይ የአንቴና ምሰሶ ምስል ታትሞበታል። ሰጪውም «ይህ ሰዓት አይሳሳትም፤ ሌሊት ሌሊት ራሱን በራሱ ያርማል» ሲል ይመሰክርለታል። እንበልና ስጦታውን የተቀበለው ፈተና የደረሰበት ተማሪ ነው። ከመተኛቱ በፊት ሰዓቱን ሲመለከት ከአዲስ አበባ ሰዓት ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ያገኘዋል። «ግድ የለም፤ እስኪነጋ ራሱን ያርማል» ብሎ ደወሉን ሞልቶ ይተኛል። ሰዓቱ ግን ራሱን አያርምም። ደወሉም የሚያሰማው ፈተናው ከተጀመረ በኋላ ይሆናል።

ሰዓቱ ተበላሽቶ ነውን? አልተበላሸም። ዘመድየውስ ዋሽቷልን? አልዋሸም። ስሕተቱ የመነጨው ሰዓቱ ትክክለኛነቱን ከየት እንደሚያገኝ ካለማወቅ ነው። በሬዲዮ ሞገድ የሚታረም ሰዓት ጊዜን አዋቂ ሳይሆን አዳማጭ ነው። የሚነግረው ካለና ከሰማ ትክክል ይሆናል፤ ካልሰማ ግን ከማንኛውም ርካሽ ሰዓት አይለይም። በዚህ ጽሑፍ ሰዓቱ ማንን፣ እንዴትና መቼ እንደሚያዳምጥ፣ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ በአጠቃቀሙም ምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ እንመለከታለን።

ሁለቱ ሞክሼዎች

በቅድሚያ በስም ተቀራራቢ የሆኑ ሁለት ዕቃዎችን መለየት ያሻል። አንደኛው ሬዲዮ ያለው የደወል ሰዓት ነው። ይህ በደወል ፈንታ ዜና ወይም ሙዚቃ እያሰማ ይቀሰቅሳል፤ ጊዜን የሚያውቀው ግን ከሬዲዮው አይደለም። ከግድግዳ ሶኬት ጋር የሚያያዙት ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ሰዓቶች የኤሌክትሪኩን ምልልስ ይቈጥራሉ። በአውሮፓም ሆነ በኢትዮጵያ ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ ሰዓቱ 50 ምልልስ በቈጠረ ቍጥር አንድ ሴኮንድ አለፈ ይላል።

ይህ ዘዴ የመስመሩ ምልልስ ሲዛባ አብሮ ይዛባል። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ በሰርቢያና በኮሶቮ መካከል በኤሌክትሪክ አቅርቦት ላይ በተፈጠረ አለመግባባት፣ በአህጉረ አውሮፓ የተሳሰረው የኃይል መረብ ድግግሞሽ ከ50 ኸርዝ ጥቂት ዝቅ ብሎ ሰነበተ። ልዩነቱ እጅግ አነስተኛ ቢሆንም በየቀኑ እየተጠራቀመ ስለሄደ፣ እስከ ማርች ወር መጀመሪያ ድረስ ከመስመሩ የሚቈጥሩት ሰዓቶች 6 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ቀሩ። 

ሁለተኛውና የዚህ ጽሑፍ ርዕስ የሆነው፣ ጊዜን በቀጥታ ከሬዲዮ ማሰራጫ የሚቀበለው ሰዓት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በባትሪ ይሠራል፤ ሙዚቃም ሆነ ዜና አያሰማም። በዚያ የ2018 ክስተት እንዲህ ያሉት ሰዓቶች አልተነኩም፤ የሚያዳምጡት ሌላ ምንጭ ነበርና።

የኳርትዝ ልብና ጉድለቱ

በሬዲዮ የሚታረም ሰዓት በውስጡ እንደ ሌላው ሁሉ የኳርትዝ ክሪስታል አለው። ክሪስታሉ በኤሌክትሪክ ሲነቃቃ በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ይህ ቍጥር በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም፤ 2 በራሱ 15 ጊዜ ሲባዛ የሚገኝ ነው። ስለሆነም ቀላል የኤሌክትሮኒክስ ዑደት ርግብግቢቱን 15 ጊዜ ለሁለት እየከፈለ በትክክል በሴኮንድ አንድ ምት ያገኛል።

ነገር ግን ክሪስታሉ በሙቀት፣ በእርጅናና በአመራረት ጉድለት ምክንያት ከተባለው ቍጥር ጥቂት ይርቃል። ከአንድ ሚሊዮን ምቶች ውስጥ በ20 ብቻ ቢሳሳት፣ አንድ ቀን 86,400 ሴኮንድ ስለሆነ ስሕተቱ በቀን ወደ 1.7 ሴኮንድ፣ በወር ደግሞ ወደ 52 ሴኮንድ ይደርሳል። በዓመት ከ10 ደቂቃ ያልፋል ማለት ነው። ይህ ጉድለት በየሌሊቱ ቢታረም ግን ሰዓቱ ዘወትር ከእውነተኛው ጊዜ ከሁለት ሴኮንድ በላይ አይርቅም። በሬዲዮ የመታረም ጥበብ ሁሉ በዚህች ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ቤት ውስጥ ያለውን ርካሽ ክሪስታል፣ ሩቅ ያለ ውድ ሰዓት በየዕለቱ እንዲያቃናው ማድረግ።

ከማይንፍሊንገን የሚመጣው መልእክት

በጀርመንና በአጎራባች አገሮች የሚሸጡት ሰዓቶች የሚያዳምጡት ዲ.ሲ.ኤፍ. 77 የተባለውን ጣቢያ ነው። ማሰራጫው ከፍራንክፈርት ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በማይንፍሊንገን ቆሟል። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1959 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ ሙሉውን ሰዓትና ቀን በምስጢራዊ ቍጥር ማሰራጨት የጀመረው በ1973 ነው። ጊዜውን የሚቈጣጠረው በብራውንሽቫይግ ከተማ የሚገኘው የጀርመን የልኬት ተቋም ነው።

በማሰራጫው ጣቢያ ውስጥ አቶማዊ ሰዓቶች አሉ። ሴኮንድ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የተተረጐመችው በሲዚየም አቶም ነው፤ ከዚሁ አቶም የሚገኘው የተወሰነ ጨረር 9,192,631,770 ጊዜ የሚርገበገብበት ጊዜ አንድ ሴኮንድ ይባላል። ከዚህ ምንጭ የተቀዳው ጊዜ በ77.5 ኪሎ ኸርዝ ድግግሞሽ ይሰራጫል። የዚህ ሞገድ ርዝመት ወደ 3.9 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። እንዲህ ያለው ረጅም ሞገድ የምድርን ገጽ ተከትሎ ስለሚጓዝና ግድግዳን አልፎ ስለሚገባ፣ መኝታ ቤት ውስጥ ያለ ትንሽ ሰዓት ሊቀበለው ይችላል።

መልእክቱ የሚጻፍበት ዘዴ ቀላልነቱ ያስደንቃል። ሞገዱ በየሴኮንዱ መጀመሪያ ላይ ለአጭር ጊዜ ብርታቱ ይቀንሳል። ቅነሳው ለ0.1 ሴኮንድ ከቆየ «0» ማለት ነው፤ ለ0.2 ሴኮንድ ከቆየ ደግሞ «1» ማለት ነው። በደቂቃው የመጨረሻ ሴኮንድ ላይ ምንም ቅነሳ አይደረግም። ይህች ዝምታ «አዲስ ደቂቃ ሊጀምር ነው» የሚል ምልክት ናት። ስለዚህ ሰዓቱ አንድ ሙሉ መልእክት ለማንበብ አንድ ሙሉ ደቂቃ ማዳመጥ ይኖርበታል።

ምሳሌ እንውሰድ። ደቂቃን ለመግለጽ ሰባት ምልክቶች ተመድበዋል፤ ዋጋቸውም በቅደም ተከተል 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 10፣ 20 እና 40 ነው። 37ኛውን ደቂቃ ለመናገር 1፣ 2፣ 4፣ 10 እና 20 ይደመራሉ። ስለዚህ ጣቢያው 1፣ 1፣ 1፣ 0፣ 1፣ 1፣ 0 ብሎ ይልካል። ቀጥሎ አንድ የመቈጣጠሪያ ምልክት ይጨመራል፤ ዓላማውም የ«1»ዎቹ ብዛት ሁልጊዜ ተጋማሽ ቍጥር እንዲሆን ነው። በምሳሌያችን አምስት «1»ዎች ስላሉ መቈጣጠሪያው «1» ይሆንና ድምሩ ስድስት ይሆናል። መብረቅ ወይም ሌላ ሁከት አንዷን ምልክት ቢለውጥ ብዛቱ ኢ-ተጋማሽ ስለሚሆን ሰዓቱ መልእክቱን ይጥለዋል። ሁለት ምልክቶች በአንድ ላይ ቢለወጡ ግን ስሕተቱ ሳይታወቅ ያልፋል። ብዙ ሰዓቶች ተከታታይ ደቂቃዎችን አነጻጽረው ካልተስማሙላቸው በቀር ራሳቸውን የማያርሙት በዚህ ምክንያት ነው።

የመልእክቱን የጉዞ ጊዜስ? ሞገዱ እንደ ብርሃን በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 1,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ለሚኖር ሰው የሚዘገየው ከሴኮንድ ሺኛ ክፍል ሦስቱን ያህል ብቻ ነው። ለደወል ሰዓት ይህ ከምንም አይቈጠርም።

ሌሎች አገሮችም የየራሳቸው ጣቢያ አላቸው። እንግሊዝ በአንቶርን፣ አሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት በፎርት ኮሊንስ አቅራቢያ፣ ሁለቱም በ60 ኪሎ ኸርዝ ያሰራጫሉ፤ ጃፓን በ40 እና በ60 ኪሎ ኸርዝ ሁለት ጣቢያዎች አሏት። ድግግሞሻቸው አንድ ቢሆንም እንኳ የእንግሊዝና የአሜሪካ ጣቢያዎች የአጻጻፍ ዘዴያቸው የተለያየ ነው። ስለሆነም ለአሜሪካ የተሠራ ሰዓት በለንደን አይታረምም። ሰዓት ከመግዛት በፊት የትኛውን ጣቢያ እንደሚቀበል ማረጋገጥ የመጀመሪያው ጥንቃቄ ነው።

ሰዓቱን ማዘጋጀት

ከዚህ በታች የተዘረዘሩት እርምጃዎች ጣቢያው በሚሰማበት አካባቢ፣ ለምሳሌ በጀርመን ለሚኖር ሰው የሚያገለግሉ ናቸው።

1. ባትሪው የ«+» እና የ«–» ምልክቶቹን ተከትሎ ይገባል። ባትሪው እንደ ገባ ብዙዎቹ ሰዓቶች ወዲያውኑ ማዳመጥ ይጀምራሉ፤ በመስታወቱ ላይ የአንቴና ምሰሶ ምስል ብልጭ ድርግም ይላል። ቀስት ያላቸው ሰዓቶች ደግሞ ቀስቶቻቸውን ወደ አንድ መነሻ ቦታ፣ ብዙውን ጊዜ ወደ 12፣ ወስደው ይጠብቃሉ። ቀስቶቹን በጣት መግፋት ማርሹን ሊጐዳ ይችላል።

2. ሰዓቱ በመስኮት አጠገብ ይቀመጥ። በውስጡ ያለው አንቴና በፌራይት ዘንግ ላይ የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ ነው። ይህ ዘንግ ጐኑን ወደ ጣቢያው ሲሰጥ አጥርቶ ይሰማል፤ ጫፉን ሲሰጥ ግን ይደነቍራል። ምልክቱ ካልተገኘ ሰዓቱን ሩብ ዙር ማዞር ብቻውን ሊበቃ ይችላል።

3. ሰዓቱ ከቴሌቪዥን፣ ከኮምፒዩተር፣ ከስልክ ባትሪ መሙያና ከኤል.ኢ.ዲ. መብራት ይራቅ። እነዚህ ዕቃዎች ከጣቢያው ድምፅ የሚጐላ ሁከት ሊረጩ ይችላሉ። የብረት ጠረጴዛና ብዙ ብረት ያለበት የኮንክሪት ግድግዳም ምልክቱን ያዳክማሉ።

4. በዚህ ጊዜ ቁልፎቹን ባለመነካካት እስከ 10 ደቂቃ ያህል መታገሥ ይገባል። ቁልፍ መጫን ማዳመጡን ሊያቋርጠው ይችላል። ካልተሳካ ሰዓቱን በዚያው ቦታ ማሳደር ነው። ሌሊት የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ሁከት ስለሚቀንስና ሞገዱም ከላይኛው አየር ተንጸባርቆ ርቆ ስለሚደርስ አብዛኞቹ ሰዓቶች ለማዳመጥ የሚመርጡት ይህንኑ ጊዜ ነው።

5. የአንቴናው ምስል መብለጭለጩን ትቶ ሲረጋ ሰዓቱ ሰምቷል ማለት ነው። ቀጥሎ ደወሉ ይሞላል። የደወል ሰዓቱን ቍጥር መሙላትና ደወሉን ማብራት ግን ሁለት የተለያዩ ተግባራት ናቸው፤ የደወል ምስሉ በመስታወቱ ላይ መታየቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አዲስ ሰዓትን በቀን ሁለት ደቂቃ ወደ ፊት ሞልቶ ድምፁን መፈተን፣ በፈተና ዋዜማ ከመጨነቅ ያድናል።

ከሁሉም በላይ ሊዘወተር የሚገባው ልማድ፣ ማታ ከመተኛት በፊት የአንቴናውን ምስል ማየት ነው። ሰዓቱ መስማት ሲያቆም አይጮኽም፤ በኳርትዙ ብቻ ጸጥ ብሎ ይቀጥላል። መስማቱንና አለመስማቱን የምትናገረው ያቺ ትንሽ ምስል ብቻ ናት።

ሰዓት የሚዘልባት ሌሊት

ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ለትምህርት የሚሄድ ወጣት ከሚገጥሙት እንግዳ ነገሮች አንዱ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚደረገው የሰዓት ለውጥ ነው። በማርች ወር የመጨረሻ እሑድ፣ በጀርመን አቈጣጠር ሌሊት 2፡00 ሲሞላ ሰዓቱ ወደ 3፡00 ይዘላል። በኦክቶበር ወር የመጨረሻ እሑድ ደግሞ ከ3፡00 ወደ 2፡00 ይመለሳል። ጣቢያው ለውጡ ከመድረሱ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ በመልእክቱ ላይ የማስጠንቀቂያ ምልክት ይጨምራል።

ይሁን እንጂ ሰዓቱ በዚያች ሌሊት ካልሰማ፣ እሑድ ጠዋት አንድ ሙሉ ሰዓት ተሳስቶ ይነሣል። በማርች ከሆነ ባለቤቱ ይዘገያል፤ በኦክቶበር ከሆነ ያለ ጊዜው ይነቃል። ለሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ሌላም ወጥመድ አለ። በማርች ሌሊት 2፡30 የሚባል ጊዜ ጨርሶ የለም፤ በኦክቶበር ደግሞ ሁለት ጊዜ ይመጣል። ስለሆነም በእነዚህ ሁለት ሌሊቶች ደወልን ከ2፡00 እስከ 3፡00 ባለው ጊዜ ውስጥ አለመሙላት ይመረጣል።

ሰዓቱ አዲስ አበባ ሲደርስ

አሁን ወደ ተማሪው እንመለስ። የማይንፍሊንገን ጣቢያ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚሰማው እስከ 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፍራንክፈርት እስከ አዲስ አበባ ያለው ርቀት ግን ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ሰዓቱ በየሌሊቱ ያዳምጣል፣ ምንም አይሰማም፣ ከጀርመን ይዞት የመጣውን ሰዓት ይቀጥላል። ይህም ከኢትዮጵያ ሰዓት በእነርሱ የብርድ ወራት ሁለት ሰዓት፣ በሙቀቱ ወራት አንድ ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ነው። ከንቱ ፍለጋውም ባትሪውን ይበላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሰዓቱ የሬዲዮ መቀበያውን ማጥፊያ ቁልፍ ካለው ይጠፋ። ቀጥሎ ጊዜው በእጅ፣ ከተንቀሳቃሽ ስልክ ጋር እየተመሳከረ ይሞላ። አንዳንድ ሰዓቶች የአውሮፓን ወይም የአሜሪካን የሰዓት ለውጥ ቀን በውስጣቸው ይዘዋልና ይህም ቅንብር ይጥፋ፤ ኢትዮጵያ ሰዓቷን በዓመት ውስጥ አትለውጥምና። ከዚያ በኋላ ዕቃው ተራ የኳርትዝ ሰዓት ነው። በወር አንድ ጊዜ እየታረመ በሚገባ ያገለግላል።

ሌላው ጥንቃቄ የአቈጣጠራችን ነው። የእኛ ቀን ከንጋት ስለሚነሣ፣ በ24 ሰዓት መስታወት ላይ ደወል ስንሞላ መቀየር ግድ ይላል። ለቀን ሰዓቶች 6 ይደመራል፤ ጠዋት 2፡30 የሚጀመር ፈተና በመስታወቱ 8፡30 ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ላሉት 18 ይደመራል፤ ምሽት 1 ሰዓት 19፡00 ይሆናል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ላሉት ደግሞ 6 ይቀነሳል፤ ሌሊት 11 ሰዓት 5፡00 ነው። በተለይ አሳሳቿ 12 ሰዓት ናት። ጠዋት 12 ሰዓት ለመነሣት በመስታወቱ 6፡00 መሞላት አለበት። 12፡00 የሞላ ሰው የሚቀሰቀሰው በእኩለ ቀን ነው።

ባትሪና ኤሌክትሪክ

የደወል ሰዓት ራስጌ አጠገብ የሚያድር ዕቃ ስለሆነ ጥቂት ጥንቃቄዎችን ይሻል። አሮጌና አዲስ ባትሪ አይቀላቀል። ሰዓቱ ለረጅም ጊዜ የማይሠራበት ከሆነ ባትሪው ይውጣ። ከአልካላይን ባትሪ የሚፈሰው ፈሳሽ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላል። በባዶ እጅ ሳይነካ፣ በጓንት መጠረግ አለበት።

በአንዳንድ ትናንሽ ሰዓቶች ውስጥ ያለው የአዝራር ቅርጽ ያለው የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ለሕፃናት እጅግ አደገኛ ነው። ሕፃን ቢውጠውና በጉሮሮ ቧንቧ ላይ ቢቀረቀር በሁለት ሰዓት ውስጥ ብቻ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። የመዋጥ ጥርጣሬ እንኳ ካለ ልጁን ለማስመለስ ሳይሞከር ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል። የባትሪው ክዳን በብሎን የሚታሰር ሰዓት መምረጥ ይበጃል።

ከሶኬት ጋር በሚያያዝ ሰዓት ላይ የኃይል መለወጫው የሚቀበለው ቮልት ይነበብ። ለአሜሪካ 120 ቮልት ብቻ የተሠራ መለወጫ በእኛ 220 ቮልት ላይ ቢሰካ ይቃጠላል፤ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። መብራት ሲጠፋ ጊዜውን እንዳይረሳም መጠባበቂያ ባትሪ ይኑረው።

ማጠቃለያ

እ.ኤ.አ. በማርች 2011 በጃፓን የመሬት መንቀጥቀጥና የኑክሌር አደጋ በደረሰ ጊዜ፣ የ40 ኪሎ ኸርዙ ጣቢያ ከአደጋው ሥፍራ በ20 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ስለ ነበረ ሠራተኞቹ ለቀው ወጡ፤ ሥርጭቱም ለሳምንታት ተቋረጠ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ በ75 ኪሎ ኸርዝ ያሰራጭ የነበረው የስዊዘርላንድ ጣቢያ ለዘለቄታው ተዘጋ። በእነዚህ ጣቢያዎች ይታረሙ የነበሩ ሰዓቶች ሌላ ጣቢያ መስማት ካልቻሉ፣ ባለቤቶቻቸው ሳይነገራቸው በኳርትዛቸው ብቻ መጓዝ ነበረባቸው።

የመሣሪያ ትክክለኛነት በመሣሪያው ውስጥ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ከምንጩ ጋር ባለው ግንኙነትም ይወሰናል። ይህን የተረዳ ተማሪ የተሰጠውን ሰዓት አይጥለውም፤ በጭፍንም አያምነውም። በእጁ ሞልቶ፣ ከስልኩ ጋር አመሳክሮ፣ ለታላቅ ቀንም ሁለተኛ ደወል ጨምሮ ይተኛል። ጠዋትም ፈተናው ሳይጀመር ከወንበሩ ይገኛል።